«አባቴ» የሚቀባው በየትኛው ቀለም ነው

ሰኞ፣ የካቲት 3

ጣቴ አሳፈረኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በታይፕራይተር የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ጣት ዛሬ የገዛ ስሙን መጻፍ አቃተው። እዚህ ቤት አማርኛ የሚጻፈው የእንግሊዝኛውን ፊደል እየመቱ ነው። የእኔ እጅ የሚያውቀው ደግሞ የድሮውን የታይፕ ሰሌዳ ብቻ ነው። «ደምሴ» ብዬ የመታሁት ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት፣ ሙባረክ ይባላል፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና «ጋሼ፣ ቴክስት እንደሚያደርጉት አድርገው ይምቱት» አለኝ። እኔ መቼ ቴክስት አድርጌ አውቃለሁ? ለእኔ ቴክስት የምታደርግልኝ ልጄ ሰናይት ናት።

ቢሮው አቃቂ ነው፤ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ታች ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ። ለሙከራ የገባነው አምስት ሰዎች ነን። ከእኔ በቀር ትልቁ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም።

ሥራውን እንዳይጠፋኝ በራሴ አፍ ልጻፈው። ሰዎች ስለ ጤና ለመጠየቅ ወደ አንድ የስልክ መስመር ይደውላሉ። የተናገሩት ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ስማቸው ይሰረዛል። እኛ እያነበብን ቃላቱን ቀለም እንቀባለን፦

ቢጫ፣ ታማሚው ሕፃን ከሆነ።
ሰማያዊ፣ ታማሚው አዋቂ ከሆነ።
አረንጓዴ፣ የወሰደው መድኃኒት።
ግራጫ፣ ሌላ ሰው ሁሉ።

እኛ ከመጀመራችን በፊት ማሽኑ ራሱ ቀብቶ ያቀርብልናል። ልክ ከሆነ «ተቀበል» የሚለውን መምታት ነው። ካልሆነ «አስተካክል»። ባስተካከልነው ቁጥር ይማራል አሉ።

አለቃችን ፌቨን ትባላለች። ከሰናይት ብትበልጥ በአንድ ዓመት ነው። «ይሄ ነገር ሲያድግ ነርሶቹን ያግዛል» አለችን። «ደዋዩ የሚያወራው ስለ ሕፃን ይሁን ስለ ትልቅ ሰው ስልኩን ሳያነሱ ይነግራቸዋል። ከተሳሳተ ግን የትልቅ ሰው ምክር ለሕፃን ይሄዳል።» እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።

ሙከራው እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የቀባነው ከማመሳከሪያው ጋር ይተያያል። ማመሳከሪያ የሚሉት ከእኛ በፊት ሁለት ሰዎች የሠሩትን መልስ ነው። ከአሥሩ ስምንቱ ካልገጠመ ደህና ሁኑ ነው።

ይህን ሥራ እፈልገዋለሁ። ለማንም አላልኩም፣ እዚህ ልበለው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ወረዳው በር ላይ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ብውል ባለጉዳይ አይመጣም። ፎርሙ ሁሉ የሚሞላው ስልክ ላይ ሆኗል። ጃንጥላውን አጥፌ ቤት መዋል ጀመርኩ። ሰናይት ከቂሊንጦ ፋብሪካ ስትመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስታገኘኝ ፊቷ ላይ የማየውን ነገር አልወደውም። የዚህን ቤት ማስታወቂያ ያየችው እሷ ናት። ማመልከቻውንም የሞላችው እሷ። የአገሩ ሁሉ ማመልከቻ ጸሐፊ የራሱን ልጁን አስጻፈ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ሠላሳ አንድ ወረቀት ጨረስኩ። ወረቀት የምለው እኔ ነኝ እንጂ እዚህ ቤት ወረቀት የሚባል የለም። ሙባረክ ዘጠና ሠራ። እስካለፈው ወር ቂሊንጦ ካርቶን ሲያሽግ ነበር አሉ፤ ፍጥነቱን ከዚያ ያመጣው ይመስለኛል። አባቱ ከስልጤ መጥተው ቱሉ ዲምቱ ሱቅ ከፍተዋል፤ እኛ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ያለው ሱቅ የእሳቸው ነው። ስኳር ስገዛ የኖርኩት ከዚህ ልጅ አባት ነው ለካ።

እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው የማነበው። ልማድ ነው። ባለጉዳይ ፊት የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ሳላነብ አስፈርሜ አላውቅም።

ማሽኑ ዛሬ አሳቀኝ። ደዋይዋ «እህቴ፣ እባክሽን ልጄን ያስለዋል» ትላለች። እህቴ ያለቻት ስልኩን ያነሳችውን ነርስ ነው። ማሽኑ እህቷ ናት የታመመችው ብሎ ነርሷን በሰማያዊ ለቀለቃት። ሌላው «እማማ ወደቁ» ይላል። እዚያ ላይ «ታማሚዎቹ ከአንድ በላይ ናቸው» የሚል ምልክት አስቀምጧል። ስንት እማማ ናቸው የወደቁት? ብቻዬን ስስቅ ፌቨን መጣች።

«ይሄ ልጅሽ አክብሮት አልገባውም» አልኳት።

«ያስተምሩታ፣ ጋሽ ደምሴ!»

ደስ አለኝ። ሰው አስተምር ካለኝ ስንት ጊዜዬ።

ይህን ሥራ ሳላውቀው ስሠራው የኖርኩ ይመስለኛል። ባለጉዳይ ጉዳዩን ቀጥ ብሎ አይናገርም። ስለ አጥሩ ሊከስ መጥቶ ስለ ሞተበት በሬ ይጀምርልሃል። ዋናዋን ነገር የሚያወጣት መጨረሻ ላይ፣ ሊነሳ ነጠላውን ሲያስተካክል ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ እስከ ታች አነባለሁ። ስለዚህም ሠላሳ አንድ ብቻ።

ፌቨን ስትወጣ ጎንበስ ብላ «ጥራቱ አሪፍ ነው። ግን በቀን ስልሳ መድረስ አለብን» አለችኝ። አለብን አለች፣ አለብዎት አላለችም። አስተዳደግ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ስልሳ አራት!

ዘዴው ተገልጦልኝ ነው። መጀመሪያ ማሽኑ የቀባውን ማየት። ዓይን ካልጎረበጠው መምታት። ተቀበል፣ ተቀበል፣ ተቀበል። ከሰዓት በኋላ ጣቴ ራሱ መንገዱን ለምዶት ነበር። ሙባረክ ዞር ብሎ «ኧረ ጋሼ፣ ነዱት!» አለኝ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም።

ከዚያ አንዲት እናት መጣች። «ሌሊቱን እንደ እሳት ሲያቃጥለው አደረ። አይዞህ አባቴ፣ አይዞህ እያልኩ በእርጥብ ጨርቅ ሳብሰው ነጋ። ጡትም አልይዝ አለኝ።» ማሽኑ «አባቴ» የሚለውን ሰማያዊ ቀብቶታል። ታማሚው አዋቂ ነው፣ የደዋይዋ አባት ነው ማለቱ ነው። እኔም ተቀበል ብዬ መትቼዋለሁ! ጣቴ ከመታ በኋላ ነው «ጡት» የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ የደረሰችው። በድንጋጤ ከወንበሬ ተነሣሁ።

ስንቱን እንደዚህ አሳልፌ ይሆን? ሙባረክ ቃል መፈለጊያውን አሳየኝ። «አባቴ» ብዬ ፈለግኩ። በዛሬው ሥራዬ ውስጥ ሰባት ቦታ ወጣ። አንዱ በእውነት አባት ነው፣ የደም ግፊት ያለበት። ስድስቱ ሕፃናት ናቸው። ና አባቴ፣ ዋጣት አባቴ፣ ምን ሆንክብኝ አባቴ። ስድስቱንም አንድ በአንድ ቢጫ አደረግኳቸው።

እናቴ ደምሴ ብላ የጠራችኝ ስትቆጣኝ ብቻ ነው። አባቴ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስትሸኘኝ አባቴ፣ ሚስት ሳገባ አባቴ፣ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ አባቴ። ማሽኑ ያን ጊዜ ቢሰማን እናቴ አባቷን ወልዳለች ብሎ ይጽፍ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቀይ። ጠዋት ስንገባ የትናንቱ ውጤት ተለጥፎ ነበር። ስድስቱም ሕፃናት ላይ ቀይ ምልክት። ማመሳከሪያው ሁሉንም ሰማያዊ ነው የሚለው፣ አዋቂ። ውጤቴ ሰባት ከአሥር። ዝም ብዬ ተቀበል እያልኩ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ስምንት ነበርኩ። አስተካክዬ ወደቅኩ።

ሻይ ላይ ሙባረክ «ጋሼ፣ ለአሁን ማመሳከሪያውን ይከተሉ። ካለፍን በኋላ እንከራከራለን» አለኝ። ክፉ ምክር አይደለም። እኔም በወጣትነቴ እሰጠው የነበረ ምክር ነው። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ወረቀት «ና አባቴ ጥባ ስለው ፊቱን ያዞርብኛል» ይላል። ጣቴ «ተቀበል» ላይ ቆመ። ይህቺ ሴት ደውላ፣ ማሽኑ ለነርሷ «አባቷ ናቸው የታመሙት» ብሎ ቢነግራትስ? ፌቨን ሰኞ ዕለት ያለችው ትዝ አለኝ። አልመታሁትም።

እኔ በቃል መከራከር አልችልበትም፣ ድምፄ ይንቀጠቀጣል። የምችለውን አደረግኩ። ከሙባረክ ደብተር አንድ ሉክ ለምኜ ማመልከቻ ጻፍኩ። በእጅ። ለማን፣ ከማን፣ ቀኑን ከላይ በስተቀኝ።

«ጉዳዩ፦ አባት ስለተባሉ ስድስት ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ይመለከታል።»

ቁጥራቸውን ዘረዘርኩ። ከሥር «አመልካች በዕድሜው ጡት የሚጠባ አባት አይቶ ስለማያውቅ ጉዳዩ እንዲታይለት በትሕትና ይጠይቃል» ብዬ ፈረምኩ።

ፌቨን እስከ ስድስተኛው ድረስ በሳቅ አነበበችው። ከዚያ ሳቋ ቆመ። ማመሳከሪያውን ከፍታ አንድ በአንድ አየች። «ሁለቱም ሰዎች ተቀበል ብለው ነው ያለፉት» አለች ቀስ ብላ። «ሁለቱም። የማሽኑን ስህተት መልስ አድርገውት ነው ለካ።» ማመልከቻዬን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለበላዮቿ ላከችው።

ጃንጥላዬን ካጠፍኩ ወዲህ የጻፍኩት የመጀመሪያው ማመልከቻ ነው። ለራሴ ስጽፍ ደግሞ የመጀመሪያው።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ተፈቀደ!

ፌቨን ጠዋት አምስታችንንም ሰብስባ መመሪያው ላይ አዲስ መስመር እንደተጨመረ ነገረችን። «ተናጋሪዋ ሴት ታማሚውን እያባበለች አባቴ ካለች፣ ታማሚው ሕፃን ነው፤ ቢጫ ይቀባ።» ሐሳቡ የእኔ ነው። ማመሳከሪያውም በዚያው ይታረማል ተባለ። ውጤቴ ተመልሶ ስምንት ገባ። ሌሎቹ እንዲሁ ለቀልድ ቀኑን ሙሉ «አባቴ፣ ሻይ ልጨምርልህ?» ሲሉኝ ዋሉ። አልጠላሁትም።

ከመመሪያው ጋር የሚሄዱ አምስት ምሳሌዎች እስከ ስድስት ሰዓት አውጥቼ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። አራቱን ወዲያው አገኘሁ። አምስተኛው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የወጣው። «እህል አልቀምስ ካለኝ ሁለት ቀኑ። ጥርስ የለውም፣ አድቅቄ ነው የማጎርሰው። ብላ አባቴ፣ ይቺን ብቻ ዋጥ አድርጋት ብለው እሺ አይለኝም። ልብሱንም አረጠበብኝ።» ማሽኑ አሁንም ሰማያዊ ቀብቶታል። አይማርም ይሄ ልጅ! ብዬ ቢጫ አደረግኩትና ላኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ከሙባረክ ጋር አንድ ታክሲ ውስጥ ገባን። መንገዱን ሙሉ ስለ መመሪያው ስለፈልፍለት እሱ በመስኮት ያያል። ደክሞት ነው አልኩ።

ለሰናይት ነገርኳት። «መመሪያ ላይ ገባህ?» ብላ አጨበጨበች። ስታጨበጭብልኝ የመጀመሪያዋ ነው። ይህን ዕለት መጻፍ ፈልጌ ነው ማስታወሻ የያዝኩት ብል አይበዛም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

እስከ ስድስት ሰዓት ሠራን። እኔ ግን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

ውኃ መጥቶ ነበር። የእኛ ብሎክ ላይ ግፊቱ ከምድር አያልፍም። ጀሪካኑን ከታች ሞልቶ እስከ አራተኛ ፎቅ መሸከም ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወገቤን ጨምድዶ ያዘኝና ቆምኩ። ሰናይት ባዶውን ይዛ ስትወርድ አገኘችኝ። ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደችው። «አምጣ አባቴ፣ ወገብህን አትጎዳ። ተው እሺ በለኝ» አለችኝ። ከዚያ ኮሌታዬን አስተካክላልኝ ወጣች።

ደረጃው ላይ ቀረሁ። አነጋገሯ የማባበል ነው። ተናጋሪዋ ሴት ናት። እያባበለች አባቴ ብላለች። በእኔ መመሪያ መሠረት እኔ ሕፃን ነኝ። ቢጫ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ያ አምስተኛው ምሳሌ ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋ። ጥርስ የለውም። አድቅቄ ነው የማጎርሰው። ልብሱን አረጠበብኝ። እናቴ በመጨረሻዎቹ ወራት እንደዚያው ነበረች። ያን ወረቀት እስከ ታች አንብቤዋለሁ? አላነበብኩም። ምሳሌ ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ «አባቴ»ን ሳይ በቃኝ። ማክሰኞ ዕለት እዚሁ ደብተር ላይ ዋናዋ ነገር መጨረሻ ላይ ናት ብዬ የጻፍኩ ሰው!

ሥራው ከቤት አይከፈትም። እስከ ሰኞ መጠበቅ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ለፌቨን ልደውልላት ስልኩን ሁለቴ አነሣሁ። እሑድ ነው አልረብሻት ብዬ ተውኩት። ውሸት ነው፣ ፈርቼ ነው።

የማስበው ይህንን ነው። ምናልባት ሕፃን ይሆናል፣ በከንቱ ነው የምጨነቀው። ምናልባት ሽማግሌ ይሆናል፣ ግን ማንም አላየም። ማንም ካላየ ማክሰኞ አልፋለሁ። ከተናገርኩ ውጤቴ ይወርዳል። በአደባባይ የተመሰገንኩበት ነገር ስህተት ሆኖ ይወጣል። ሰናይት ያጨበጨበችውን መልሳ ትወስዳለች። ይህ የመጨረሻው ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አሰብኩት።

ደግሞ በሌላ በኩል፣ አንድ ቀን የአንዲት ሴት ሽማግሌ አባት ይታመማል። ማሽኑ ከእኔ በተማረው መሠረት ለነርሷ «ሕፃን ነው» ይላታል።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰናይት «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ወገቤ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ጽዳቷ በሩን ከፈተችልኝ። ወረቀቱን ከፍቼ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እስከ ታች አነበብኩት።

የመጨረሻው መስመር «ደግሞ ምርኩዙን ትቶ ካልተነሣሁ ይለኛል» ይላል።

ምርኩዝ። ሽማግሌ ናቸው። ከልጃቸው እጅ የሚጎርሱ አባት። ማሽኑ ሰማያዊ ቀብቶት የነበረው ትክክል ነበር። አውቆ እንዳልሆነ ይገባኛል፣ «አባቴ» ያለውን ሁሉ ሰማያዊ ነው የሚቀባው። ግን ልክ ነበር፣ እኔ ደግሞ ልክ አልነበርኩም።

ይባስ ብሎ ሌላ ነገር አየሁ። አምስታችንም ያንኑ ወረቀት እንድንሠራው ተሰጥቶናል። አራታችን ቢጫ። ሙባረክ ብቻ ሰማያዊ። ማመሳከሪያው በእኔ ምሳሌ ስለታረመ ሙባረክ ላይ ቀይ ተቀምጦበታል። በዚያች ቀይ ውጤቱ ከስምንት በታች ወርዷል።

ሲገባ ጠየቅኩት። «አይተኸው ነበር?»

«እስከ ታች ሳነበው ምርኩዝ ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ጫማውን እያየ «እርስዎ ካሉ ብዬ ነዋ፣ ጋሼ። በዚያ ላይ ሁሉም እያጨበጨበልዎት ነበር» አለኝ።

በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዘጠና ወረቀት የሚሠራው ልጅ እስከ ታች ያነባል። ቀስ ብሎ የሚያነበው ሽማግሌ አያነብም። ልጁ ደግሞ እኔን ላለማሳፈር ሥራውን ሊያጣ ነበር። ታክሲ ውስጥ በመስኮት ሲያይ የነበረው ይህንን ኖሯል።

ፌቨን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው የያዝኳት። ዛሬ ማመልከቻ አልጻፍኩም። በቃሌ ተናገርኩ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ይንቀጥቀጥ። «ምሳሌው የተሳሳተ ነው። ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሙባረክ ልክ ነው። የእሱ ቀይ የእኔ ነው፣ ወደ እኔ ይዛወርልኝ።»

ወረቀቱን ከፈተች። አነበበች። «ምርኩዝ» አለች። ከዚያ «እኔም እኮ አጽድቄዋለሁ፣ ጋሽ ደምሴ። እኔም እስከ ታች አላነበብኩትም» አለችኝና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መመሪያውን ሦስት ሆነን ስናስተካክል ዋልን፤ እሷ፣ ሙባረክና እኔ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «አባቴ የሚለው ቃል ብቻውን ታማሚውን አይለይም። እናት ለልጇ ትለዋለች፣ ልጅም ለአባቷ። እስከ መጨረሻው መስመር ይነበብ። ካልተለየ ‹አጠራጣሪ› ተብሎ ይቀመጥ።» አጠራጣሪ የሚል አዲስ ቀለም ይጨመርልን ብላ ፌቨን ጠየቀች። ሙባረክ ብርቱካናማ ይሁን አለ።

የሙባረክ ቀይ ተነሣ። የእኔ ተቀመጠ። ከስምንት ለጥቂት ወርጃለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከሰዓት በኋላ በየተራ ጠሩን። ሙባረክ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አወቅኩ። አልፏል። አቀፈኝ። ደስታው የእኔም ነው፣ ይህን የምለው ለአፍ አይደለም።

እኔ መጨረሻ ገባሁ። ፌቨን ቀጥ ብላ ነገረችኝ። «ውጤትዎ ስምንት አልደረሰም። በደንቡ ከሆነ አላለፉም።»

«ገባኝ» ብዬ ልነሣ ስል «ይቀመጡ እንጂ» አለች። አለቆቿን ጠይቃ ነበር። አጠራጣሪ የሚባሉትን ወረቀቶች ለብቻቸው የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። ማንም የማይቸኩልበት ሥራ ነው፤ ከእያንዳንዱ ሥር ይህ ለምን እንደሆነ በሁለት መስመር መጻፍ አለበት። ለአንድ ወር ይሞከር ብለዋል። ከወሩ በኋላ ምን እንደሚሆን እሷም አታውቅም። «ማመልከቻዎን ሁሉም ወደውታል» አለች። «ስህተትዎን ራስዎ ይዘው መምጣትዎን ደግሞ እኔ ነኝ የነገርኳቸው።»

አንድ ወር። ቋሚ አይደለም። ግን ነገ ጠዋት የምሄድበት አለኝ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ይህችን አንዲት መስመር ደግሜ ደግሜ አነበብኳት።

ሙባረክ አባቱ ሱቅ ድረስ ይዞኝ ሄደ። አባቱ ሁሉንም ሰምተው ኖሯል። ስኳሬን ሲመዝኑ «ልጄን አስተማሩልኝ» አሉኝ። «እሱ ነው ያስተማረኝ» አልኳቸው። አላመኑኝም።

ሰናይት በጊዜ ገብታ ነበር። የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ምሳሌውን፣ ምርኩዙን፣ የሙባረክን ቀይ፣ እሑድ ወገቤ ነው ብዬ የዋሸሁትን። ያጨበጨበችውን መልሳ አልወሰደችም። ጃኬቴን ከትከሻዬ አውልቃ ሰቀለችልኝ። «አንድ ወር ብዙ ነው። አይዞህ አባቴ» አለችኝ።

እንደ ልጅ ትሁን እንደ እናት አልለየሁም። ቢጫ ይሁን ሰማያዊ፣ ወይስ ያ ሙባረክ የመረጠው ብርቱካናማ። መጠየቅም አልፈለግኩም። ከቃሏ አንድም ሳላስተካክል፣ እንዳለ ተቀበልኩት።